የባለጉዳዩ ስክሪን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአምሀ ባስልዮስ፣ ካለህበት።

እንደምን ነህ? ክረምቱን እንዴት ወጣኸው፣ ጥቅምትንስ እንዴት ገፋኸው? አቧራ ሲነሣ የሚቀሰቀስብህ ሳል ተወህ ወይ? የምትበላው አታጣም? ታመህ ብትተኛ ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አጠገብህ አለ? እማዬ ሁላችንም ደኅና ነን፣ በእኛ በኩል አታስብ ብለሽ ጻፊለት ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌልሃለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ የት እንደደረሱ ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ሚክዳድ፣ ያው አንተን ራሱ በጭነት መኪናው ያሳፈረህ፣ ሞያሌ ለምትነግደው ለፋርሂያ ሲሰጣት ነው የቆየው፤ እሷ ደግሞ ናይሮቢ ላለው ወንድሟ ታሻግረዋለች ብለን ነበር። ወንድሟ አንተ ትሠራበት ወደነበረው የኮምፒውተር መጠገኛ ሄዶ ቢጠይቅ ወደ ታች ወርዷል አሉት። ወደ ታች ማለት ታንዛኒያ ይሁን ዛምቢያ፣ ወይስ ከዚያም ወዲያ፣ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ ፋርሂያ ሦስቱንም ፖስታ ሳትከፍት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ሚክዳድ ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አራተኛውንም ውሰድልኝ ስለው እሺ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን እሱም አልጠየቀኝ እኔም አልነገርኩት። ስልክህም ለመጨረሻ ጊዜ ከደወልክበት ከመስከረም 2014 ወዲህ እንደተዘጋ ነው፤ ይኸው አሥራ አራት ወሩ።

የነገሌን ወሬ ከፈለግህ፣ የጥቅምቱ የሐገያ ዝናብ ዘንድሮም ቀረ። ሲቀር አምስተኛ ወቅቱ መሆኑ ነው። ሚክዳድ እንደሚለው ከሜጋ ወዲህ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው የከብት አጥንት ብቻ ነው። እማዬ የጓሮዋን ጎመን ትታዋለች፤ የበርሜሉ ውሃ ለሰውም አልበቃ። እኔ እንደ ድሮው ግማሽ ቀን አስተምራለሁ፣ ግማሹን ቀን አባባ ጽሕፈት ቤት እውላለሁ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ፤ ርቧቸው መሆኑን እያወቅሁ አልቆጣቸውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልህ አንተ ለአባባ ስላቆምክላቸው ስለ ሦስቱ ስክሪን ነው።

ስታቆማቸው ያሾፍኩብህን መቼም አትረሳውም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻ ለሚጽፉ ሽማግሌ ሦስት ስክሪን ምን ይሠራላቸዋል፣ አውሮፕላን ሊያበሩ ነው ወይ ብዬህ ነበር። አንተ ግን ከእኔ ይልቅ አይተሃቸዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ማውስ እንደማይሆናቸው፣ ቀስቷ ከጥግ ጥግ እየሮጠች እንደምታናድዳቸው፣ መስኮት በመስኮት ላይ ሲደራረብ የጻፉት ሁሉ የጠፋ እየመሰላቸው እንደሚደነግጡ ታውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና የመቱ ሰው ናቸውና ጣታቸው ፊደሉ ላይ ካረፈ በኋላ ግን አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንክና መስኮቶቹ ሳይደራረቡ፣ እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ራሳቸውን የሚደለድሉበትን አሠራር አበጀህላቸው። ማውሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። ሁሉም ነገር በቁልፍ ሆነ፤ ያችን የመስኮት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከቁጥር ጋር መጫን ብቻ። አንድ ቁጥር አማርኛው፣ በግራው ስክሪን። ሁለት ቁጥር ኦሮምኛው፣ በቀኙ ስክሪን። ሦስት ቁጥር የባለጉዳዩ። በቁልፎቹ ላይ የለጠፍካቸው ቀያይ ፕላስተሮች ዛሬም አሉ፤ የአንድ ቁጥሩ ብቻ ጠርዙ ተልጧል።

ሦስተኛው ስክሪን ጀርባውን ለአባባ ሰጥቶ ፊቱን ወደ አግዳሚው ያዞረ ነው። የአባባ ሕግ ነውና፤ ሰው የገዛ ቃሉ ሲጻፍ ማየት አለበት፣ ማንበብ ባይችልም እንኳ። ረቂቁን በአንድ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ከኦሮምኛው ጋር በሁለት ቁጥር ያስተያዩታል፣ ከዚያ ሦስትን ተጭነው ዐይናቸውን ከረቂቁ ሳይነቅሉ ንጹሑን ይመታሉ። እሳቸው አያዩትም፤ የሚያየው ባለጉዳዩ ነው። ፊደል ያልቆጠሩት እንኳ ስሜ የቱ ጋ ነው ብለው እኔን ይጠይቁኝና ጣታቸውን ያሳርፉበት ነበር። ከጎረቤት ጸሐፊዎች ሁሉ ጥለው አባባ ጋ የሚመጡት ለዚህ ነበር።

ይኸው ሕግ ነው አንተንም ያስኮረፈህ። ሐዋሳ የወጣው ሥራ የአምስት ዓመት ልምድ ይጠይቅ ነበር፣ አንተ አባባ ጋ የሠራኸው ሦስት ነው። የሥራ ልምዱን ወረቀት ሲጽፉልህ እንደማንም ባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ፣ በገዛ እጅህ ባቆምከው ስክሪን ላይ «ሦስት ዓመት ከስድስት ቀን» የሚለው ሲወጣ አየህ። ስድስቱን ቀን እንኳ አልሰረቁህም። ለመንካቸው፤ እማዬም እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ልጄም ቢሆን ያልሆነውን አልጽፍም አሉ። ወረቀቱን ሳትወስድ ተነሣህ፤ በሳምንቱ ሚክዳድ መኪና ላይ ነበርክ። እኔ ለማናችሁም አልፈርድም። በግትርነት ሁለታችሁም ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ናችሁ።

በዚህ ዓመት መስከረም መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ የባለጉዳዩ ስክሪን ተቃጠለ። ጨርሶ አልሞተም፤ ከሥሩ ያለችው አረንጓዴ መብራት ትበራለች፣ ፊቱ ግን ጥቁር ነው። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና የውስጥ መብራቱ ነው የሄደው፣ መለዋወጫ የለኝም ብሎ መለሰልኝ። ኮምፒውተሩ ግን ይህን አያውቅም። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ሦስተኛው ስክሪን አለ ብሎ ያምናል፤ ሦስትን ስትጫን ጽሑፉን ወደዚያው ይልከዋል። አባባ ባለጉዳይ መመለስ ጀመሩ። የማታዩትን አልጽፍላችሁም፣ እስኪሠራ ታገሡኝ ይላሉ። ሰው ደግሞ ቀጠሮ አለበት፤ ወደሚቀጥለው ጸሐፊ ይሄዳል።

እኔ ዐዋቂ ነኝ ብዬ ገባሁበት። አሠራሩ ሁሉ የተጻፈበትን የኮንፊግ ፋይልህን ከፈትኩት። ከየመስመሩ በላይ በአማርኛ ማስታወሻ ጽፈሃል፤ «ይህ የአባባ ነው፣ ረሆቦት እንዳትነኪ» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ደግሜ አነበብኩት። ኮምፒውተሩ ለስክሪኖቹ የሰጣቸውን ስሞች አገኘሁ፤ ግራው ቪጂኤ አንድ፣ ቀኙ ኤችዲኤምአይ አንድ፣ የጨለመው ኤችዲኤምአይ ሁለት። ከሦስት ቁጥር አጠገብ ያለውን ስም አጥፍቼ የቀኙን ስክሪን ስም ጻፍኩበት፤ ቀኙንም ስክሪን ፊቱን ወደ አግዳሚው አዞርኩት። ሦስትን ስጫን የባለጉዳዩ ገጽ ወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያልታየኝ ነገር የአባባ ሁለት ቁጥርም የሚወጣው በዚያው በቀኙ ስክሪን ላይ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ኦቦ ቀጄላ ስለ ግጦሽ ድንበር ሊያስጽፉ ከወንድማቸው ልጅ ጋር መጡ። አካም፣ ናጋ ተባብለው ተቀመጡ። አባባ ኦሮምኛውን ላስተያይ ብለው በለመደ እጃቸው ሁለትን ተጫኑ። በሁለት ቁጥር ላይ ተከፍቶ የቀረው ግን ስክሪኑ እስኪሠራ ታገሺኝ ብለው ረቂቁን ብቻ የያዙላት የሸምሳ ማመልከቻ ነበር። ሸምሳን ታውቃታለህ፣ ገበያ መሐል ጨርቅ የምትሸጠውን፤ ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ወንድሞች ሳይሰሙ ሱቁን በፍርድ ቤት ልታሳግድ ነበር። የኦቦ ቀጄላ ወንድም ልጅ ደግሞ ማንበብ ይችላል፣ የሚውለውም ከእነዚያው ወንድሞች ጋር በአንድ መጋዘን ነው። ወሬው ከምሳ በፊት ገበያ ገባ። እግዱ ሳይወጣ ወንድሞቹ ሱቁን ባዶ አደረጉት።

ሸምሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ተቀመጪ ብንላት አልተቀመጠችም። ለእናቴ ያልነገርኩትን ነው ለእርስዎ የነገርኩዎ አለቻቸው። አልጮኸችም። አባባ ተነሥተው ቆሙ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ፤ በዚህ ቤት የሚጠፋው ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው ብለው ይቅርታ ጠየቋት። ይቅር ማለቷንም አለማለቷንም ሳትናገር ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ በራችንን የሚረግጥ ባለጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። በሰው ምሥጢር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ አንዴ ስሙ ከተነሣ አበቃለት። ሁሉንም እንደነበረ መልሺው አሉኝ፤ መለስኩት። የጨለመውን ስክሪን ላንሣው ስል ግን ገመዱን እንዳትነኪ ብለው ተቆጡኝ።

ጥቅምት ከገባ ጀምሮ አዲስ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ጽሕፈት ቤቱን ይከፍታሉ፣ የሚጻፍለት ሰው የለም፣ እሳቸው ግን ጥቂት ጊዜ ይመታሉ። ምን ይጽፋሉ ስላቸው እጄ እንዳይረሳ ነው ይሉኛል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። እህል አይወስዱም፤ ጾሙን ምክንያት ያደርጋሉ፣ ጾሙ ሳይገባም ግን እንዲሁ ነበሩ። እማዬ በዚህ ዓይነት ዓመቱን አይዘልቁም ብላ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ሁለት ቁጥር በግራው ስክሪን ከአንድ ቁጥር ጋር እንዲቀመጥ፣ በቀኙ ላይ ግን ሦስት ቁጥር ብቻ፣ ከእሱ በቀር የማንም ገጽ እንዳይወጣ ለማድረግ ምን ብዬ ልጻፍ? አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እየጠበቅሁ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከላይ ቀይ መስመር ይወጣና ስሕተት አለ ይለኛል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አይገባኝም፣ እፈራለሁ፣ የድሮውን መልሼ እዘጋዋለሁ። ይህ ካልተስተካከለ አባባ ለሰው አይጽፉም፤ ለሰው ካልጻፉ ደግሞ ምን ይዘው እንደሚኖሩ አላውቅም። ይህን አሠራር ከአንተ በቀር የሚያውቀው ሰው በዚህ ከተማ የለም።

ነገ ኅዳር ጽዮን ናት፤ እማዬ እየጠራችኝ ነው። ቀሪውን ሌላ ቀን እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ኅዳር 23። ከላይ ያለውን ልቅደደው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። እንዳለ አንብበው።

ዛሬ አባባ ጠዋት ከፍተው እንደልማዳቸው ከመቱ በኋላ ጎረቤት ለቅሶ ሄዱ። እኔ ሚክዳድ ሞያሌ የዚህ ስክሪን መለዋወጫ ይገኝ እንደሆነ እንዲጠይቅልኝ ሞዴሉን ልጽፍለት ገባሁ። አቧራው ስላስቸገረኝ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ሞዴሉ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ በደቃቁ ስለተጻፈ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ የስልኬን ባትሪ አበራሁ። ብርሃኑ ጥቁሩ ፊት ላይ ሲያርፍ ፊደል አየሁ። ለካ የሞተው የኋላ መብራቱ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ እዚያው አለ፣ እጅግ ደብዝዞ፣ ብርሃን ካላስጠጋህበት የማይለይ። ስልኬን ከመስመር ወደ መስመር እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። ቃል በቃል ልጻፍልህ።

«ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ አምሀ ባስልዮስ ከጥቅምት 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ ኅዳር 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር ባለሙያነት ለአምስት ዓመት ከአንድ ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ያገለገሉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን። ምንም እንኳ በአካል ባይገኙ፣ የዘረጉት አሠራር እስከ ዛሬ ድረስ ጽሕፈት ቤቱን የሚያሠራ ስለሆነ፣ በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ ቆጥረናቸዋል።»

ከእሱ በታች የትናንቱ አለ፣ አሥራ ሰባት ቀን የሚል። አሥራ ስድስት የሚል የለም፤ የጽዮን ማርያም ዕለት አልከፈቱም ነበርና። ከዚያ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት እያለ ይወርዳል። እስከ መጀመሪያው ልውረድ ብዬ ነበር፣ የሰው ገመና የማይ መስሎኝ ተውኩት። የጀመሩት አምስቱ ዓመት በሞላበት ዕለት ይመስለኛል። ያኔ አልጽፍም ያሉህን አምስት ዓመት ውሸት እንዳይሆንባቸው ሁለት ዓመት ጠብቀው፣ ቀኑ ሲሞላ ጻፉልህ። ገመዱን እንዳትነኪ ያሉኝም ለዚህ ነው፤ ቢነቀል ሦስት ቁጥር ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሌሎቹ ስክሪኖች ዘልሎ ይወጣ ነበር፣ እኔም አየው ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

በስልኩ ብርሃን እየተመራሁ የዛሬውን ገጽ ብቻ አተምኩት። ማህተሙን ከመሳቢያው አውጥቼ መታሁበት። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌ ከትቼዋለሁ። ፊርማ ግን የለበትም። ፊርማ የሌለው ወረቀት የስኳር መጠቅለያ ነው የሚሉትን ታውቃለህ። ይፈርሙልኝ ብዬ ልጠይቃቸው አልቻልኩም፤ ማየቴን ካወቁ ነገ ጠዋት የሚከፍቱበት ምክንያት አይኖራቸውም። ስለዚህ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት አይሆንህም። የሐዋሳው ቦታም ሰው ከያዘው ሁለት ዓመት አለፈው።

ስለ ስክሪኖቹ የጠየቅሁህን ተወው። ብታውቀውም አትንገረኝ። ሦስት ቁጥርን ወደ ቀኙ ካመጣሁት አባባ የሚጽፉበት ጨለማ አይኖራቸውም፤ ሸምሳም ኦቦ ቀጄላም ስክሪኑ ስለተስተካከለ ብለው አይመለሱም። ሚክዳድንም መለዋወጫውን እንዳትጠይቅ እለዋለሁ። ኮንፊጉን አንተ እንደተውከው ትቼዋለሁ። ይህ ደብዳቤ የት እንደሚገባም አውቃለሁ፤ ያ ቆርቆሮ ገና ቦታ አለው ብሎኛል ሚክዳድ፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። አትመጣም የሚለውን ለእማዬ አልነግራትም። ለራሴ ግን ከነገርኩት ሰነበትኩ።

እማዬ ወለተሐና ጉንጭህን ስማሃለች፤ የሱፍ ሹራብህን በፀሐይ አስጥታ መልሳ አጥፋዋለች፣ ብል አልበላውም በይው ብላኛለች። ትንሿ እህታችን ሚስጥር ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሰላም ትልሃለች፣ ድምፅህን ግን ረሳሁት ብላ ትጨነቃለች። ጎረቤታችን እሙሽ ከነልጆቿ እንዴት ነህ ብላሃለች። ሚክዳድ ካገኘሁት በአካል እሰጠዋለሁ ይላል።

አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ መጻፌን አልነገርኳቸውም። ይህን የምጨርሰው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ተማሪዎቼን ፈተና የማርም ነው የሚመስላቸው። አሁን ሦስት ቁጥርን ተጫኑ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።

እህትህ ረሆቦት ባስልዮስ
ነገሌ ቦረና፣ ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.